ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥዕልና ስለ ተናቀው ንድፍ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በዓይኔ ካየሁት እጀምራለሁ። በዚህ በምንኖርበት በጉለሌ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዲቱ የመቅደሱ ምዕራባዊ ግድግዳ በዚህ ዓመት ታደሰ። ስሟን አልጠራም፤ ነገሩ የአንዲት ደብር ብቻ አይደለምና። በሸራ ላይ የተሣለው አሮጌ ሥዕል ጢስና የጣራ ፍሳሽ ስለ ጎዳው ተልጦ ወረደ፤ በእርሱም ፈንታ በመኪና የታተመ፣ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ሥዕል ተለጠፈ። ሕዝቡ እልል አለ፤ ሽማግሌዎቹም ሥራው በሦስት ቀን ስላለቀ እርስ በርሳቸው ተመሰጋገኑ። እኔም እልል ካሉት ጋራ ቆሜ ነበርሁ፤ እንግዲህ የምጽፈው ወቀሳ ከራሴ ይጀምራል።

ከቅዳሴ በኋላ በዕቃ ቤቱ ጓሮ በኩል ሳልፍ አንድ ልጅ የማዕጠንቱን ፍሕም ለማያያዝ ወረቀት ሲቀድድ አገኘሁት። ወረቀቱን ተቀብዬ ብገልጠው በከሰል የተነደፈ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ሆኖ ተገኘ። ክንፉ ሁለት ጊዜ ተሠርዞ በሦስተኛው ተስተካክሏል፤ በጠርዙም ላይ «ሰይፉ ከፍ ይበል» የሚል ቃል ተጽፎበታል። ያ የወረደው ሥዕል በተሣለበት ዘመን መምህሩ ለደቀ መዛሙርቱ ያዘጋጀው ንድፍ በአንድ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ፣ ሳጥኑ ለአዲስ ዕቃ ሲፈለግ ወረቀቱ እንደ ጕድፍ ወደ ውጭ ተጥሏል። ከእሳት የተረፉት አራት ወረቀቶች ዛሬ በቤቴ ናቸው። የቀሩትንም ሦስት ግድግዳዎች እንደ ፊተኛው ለማድረግ ምክር እንደ ተያዘ ስለ ሰማሁ፣ ዝም ብል በደል መስሎ ታየኝ።

አባቶቼና ወንድሞቼ ሆይ፣ የአደባባዩ ሰው ንድፍን እንደ ቤት መሥሪያ መረባርብ ይቆጥረዋል፤ ቤቱ ካለቀ በኋላ እንጨቱ ለማገዶ ይሆናል ይላል። መጻሕፍት ግን እንዲህ አያስተምሩንም። እግዚአብሔር ለሙሴ ደብተራ ኦሪትን እንዲሠራ ባዘዘው ጊዜ አስቀድሞ ምሳሌውን በተራራው ላይ አሳየው፤ በዚያም ምሳሌ እንዲሠራ አስጠነቀቀው። ዳዊትም ቤተ መቅደስን እንዲሠራ ባልተፈቀደለት ጊዜ ለልጁ ለሰሎሞን ወርቅና ብር ብቻ ሰጥቶ አላበቃም፤ የቤቱንና የአደባባዩን፣ የጓዳውንም ምሳሌ አስረከበው። ለባስልኤልና ለኤልያብ የተሰጠው ጸጋም በእጅ መሥራት ብቻ አልነበረም፤ ሌላውን ማስተማር በልባቸው እንደ ተጨመረ በኦሪት ዘፀአት ተጽፏል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ምሳሌው ከሥራው ይቀድማል፤ መምህሩም ያለ ደቀ መዝሙር አይቆምም።

የአገራችን ሠዓሊዎች ልማድ ይህንኑ ይመስል ነበር። ግድግዳው በጭቃና በጭድ ተመርጎ ሲደርቅ የጥጥ ጨርቅ በሙጫ ይለጠፍበታል፤ ጨርቁ በነጭ ቅብ ይለሰናል፤ ከዚያ በኋላ መምህሩ ከሰል ይዞ የቅዱሳኑን ቁመትና አቋቋም ይነድፋል። የተሳተውን በጨርቅ ጠርጎ እንደ ገና ይነድፋል፤ የጸናውንም በቀጭን ቀለም ያጠብቀዋል። ደቀ መዛሙርቱ ቀለም ይፈጫሉ፣ ይበጠብጣሉ፤ መደቡንና ልብሱን ይሞላሉ፤ ፊትና ዓይን ግን ለመምህሩ ይጠበቃል። ከዓመታት በኋላ እጁ የታመነለት ልጅ እጅ ጣት እንዲሥል ይፈቀድለታል፤ ኋላም ፊት። ቅኔ ተማሪ በጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ መወድስ እንደሚደርስ፣ ሥዕልም እንዲሁ መሰላል ነበረው። በብራና መጻሕፍታችን ውስጥ ቀለም ሳይደርስላቸው በመስመር ብቻ የቀሩ ሥዕሎች ይገኛሉ፤ ገልጦ ላስተዋላቸው ሰው የመምህሩን አሳብ ከቀለሙ በፊት ያሳዩታል።

እንግዲህ ከሚቃወሙኝ ሰዎች የፊተኞቹን ልስማ። እነርሱም «የጎንደር ሥዕል ራሱ ከሮም የተቀዳ ነው፤ አባቶቻችን ከፈረንጅ ከወሰዱ እኛ የፈረንጅን ሥዕል አትመን ብንለጥፍ ምን ነውር አለው?» ይላሉ። ነገሩን በግማሽ ያውቁታልና ሌላውን ግማሽ እጨምርላቸዋለሁ። ከዚህ በታች ስለ ነገሥታቱና ስለ ኤውሮጳ የምጠቅሰው ዓመት በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ በምትባለው ቤተ ክርስቲያን ያለችውን፣ በትውፊት ቅዱስ ሉቃስ ሣላት የምትባለውን የእመቤታችንን ሥዕል፣ የኢየሱሳውያን አለቃ ፍራንሲስኮ ቦርጃ በ1569 ከጳጳሱ ፈቃድ አግኝቶ አስቀዳት፤ ቅጂዎቿም ከሚሲዮናውያን ጋራ በየአገሩ ሄዱ። ወደ እኛም አገር ደረሰች። ዐፄ ፋሲል በ1632 ከነገሡ በኋላ ኢየሱሳውያን ከአገር ተሰደዱ፤ ሥዕሏ ግን አልተሰደደችም። ለምን? ከእነርሱ እጅ ወጥታ በእኛ እጅ እንደ ገና ስለ ተነደፈች ነው። ሠዓሊዎቻችን የተጣመሩትን እጆቿን፣ የተዘረጉትን ሁለት ጣቶቿን፣ በእጇ የያዘችውን መሐረብ፣ መጽሐፍ የያዘውንም ሕፃን ጠበቁ። ሚካኤልንና ገብርኤልን ግን ሰይፍ አስይዘው በግራና በቀኝ አቆሙላት፤ ልብሷን በአገራችን ቀለም አለበሷት፤ ዓይኖቿንም ወደሚጸልየው ሰው መለሷቸው። ካህን ዛሬ በፊቷ ቆሞ ውዳሴ ማርያም ሲደግም ሮምን አያስብም።

እንዲሁም በ1591 በሮም የሜዲቺ ማተሚያ ቤት በዐረብኛ የታተመ ወንጌል አለ፤ ሥዕሎቹን አንቶኒዮ ቴምፔስታ ነድፏቸው በእንጨት ተቀርጸው የታተሙ ናቸው። ይህ መጽሐፍ ወደ አገራችን ገብቶ የጎንደር ሠዓሊዎች ለመጽሐፍም ለግድግዳም ምሳሌ አድርገውታል። ነገር ግን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ቴምፔስታ ጥላውን በጥቃቅን መስመር ሞላ፤ የእኛ ሠዓሊ ጥላውን ትቶ ቀይና ቢጫ፣ ሰማያዊም አደረገበት። ቴምፔስታ ከሰዎቹ በስተኋላ ተራራና ከተማ ደረደረ፤ የእኛው ያን አራቁቶ ቅዱሳኑን በንጹሕ መደብ ላይ አቆመ። ከሁሉ በላይ በሥዕላችን ሕግ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ከሓዲ ግን ፊቱ ወደ አንድ ወገን ዞሮ በአንድ ዓይን ይሣላል። ይህን ሕግ የሮማው ሠዓሊ አያውቀውም ነበር። ስለዚህ የጎንደር ሰው በፊቱ ያለውን ኅትመት ተርጕሞ ነደፈው እንጂ አልለጠፈውም። መጽሐፍ ከባዕድ ቋንቋ ወደ ግእዝ እንደሚመለስ፣ ሥዕሉም በከሰል ጫፍ ወደ እኛ ቋንቋ ተመለሰ።

አሁን ወደ ጉለሌው ግድግዳ እንመለስ። በዚያ በተለጠፈው ኅትመት ይሁዳ በሁለት ዓይኑ ቅኔ ማኅሌቱን ይመለከታል፤ ያልተማረው ምእመን ከሐዋርያት የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። ሥዕሉ ለሌላ ግድግዳ የተለካ ስለ ሆነ፣ በመቅደሱ በር ዘብ ሆኖ መቆም የሚገባው መልአክ እግሩ በመቃኑ ተቈርጦ ቀርቷል። ንድፍ ቢቀድም ኖሮ ግድግዳው ይለካ፣ በሩ ይታሰብ፣ ስሕተቱም በወረቀት ላይ ይታረም ነበር። በወረቀት የተሳተ በከሰል ጨርቅ ይጠረጋል፤ በመቅደስ የተለጠፈውን ስሕተት ግን ማን ይጠርገዋል? ሞኝ የተከለውን ብልህ አይነቅለውም የተባለው ለእንደዚህ ያለው ነው።

ሁለተኞቹ ተቃዋሚዎች ደግሞ ዘመናዮቹ ናቸው። «በሠለጠነው ዓለም ማሽን የሰውን እጅ ተክቶታል፤ ንድፍ፣ ደቀ መዝሙር የምትለው የኋላ ቀር ነገር ነው» ይሉኛል። ለእነዚህ ከሠለጠነው ዓለም ምሳሌ አመጣላቸዋለሁ። በኤውሮጳ ባሮክ በሚባለው የሥዕል ዘመን ከሁሉ የከበረው ሠዓሊ ጴጥሮስ ጳውሎስ ሩበንስ በአንትወርፕ ከተማ ነበር። የዚያች ከተማ ኢየሱሳውያን ለአዲሱ ቤተ ክርስቲያናቸው ጣራ 39 ሥዕሎች እንዲሠራ በመጋቢት 1620 ውል ተዋዋሉት። ውሉ እንዲህ ነበር፦ መምህሩ የ39ኙን ሁሉ ትንንሽ ንድፍ በገዛ እጁ ይሠራል፤ ከእነዚያም ንድፎች ቫን ዳይክና ሌሎች ደቀ መዛሙርቱ ታላላቆቹን ሥዕሎች ያወጣሉ፤ መጨረሻውን እርሱ ራሱ ያርማል። ደግሞም ሥራው ሲያልቅ ወይ ንድፎቹን ለማኅበሩ ያስረክባል፣ ወይ ስለ እነርሱ ፈንታ ሌላ የመሠዊያ ሥዕል ይሠራል ተብሎ ተጻፈ። ተመልከቱ፤ አንድ የመሠዊያ ሥዕል የሚያህል ዋጋ ለንድፍ ተቆረጠለት።

በ1718 መብረቅ ያን ቤተ ክርስቲያን አቃጠለው፤ የጣራው ሥዕሎች ሁሉ አመድ ሆኑ። ከትንንሾቹ ንድፎች ግን ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በየቤተ መዘክሩ አሉ፤ ሊቃውንትም የጠፋውን ጣራ በእነርሱ ያነብቡታል። ከእሳት ያመለጠው በቤተ ክርስቲያኑ ታላቅ ሆኖ የታየው ሥራ ሳይሆን ታናሹ የንድፍ ሰሌዳ ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ ግድግዳው ሳይቃጠል ንድፉን እኛው አቃጠልነው።

«የእኛን ሥዕል ማን ይወስደዋል፣ ምንስ ያጠፋዋል?» የሚል ቢኖር ጎንደርን ያስታውስ። በ1868 እንግሊዞች መቅደላን በያዙ ጊዜ ነገሥታቱ ወደ ሰልፍ ይዘውት ይወጡ የነበረው ሥዕል፣ ኵርዓተ ርእሱ፣ ሪቻርድ ሆምስ በሚባል ሰው እጅ ወጣ፤ በ1917ም በለንደን በጨረታ ተሸጠ። ዋናው ከአገር ቢወጣ መልኩ ግን አልጠፋብንም፤ ሠዓሊዎች በየብራናውና በየገበታው በእጃቸው ቀድተውት ነበርና። በ1932 ደግሞ በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳዊ ሊቃውንት ጉዞ ወደ ጎንደር መጥቶ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎች ከነሸራቸው ልጦ ወሰደ፤ ዛሬም በፓሪስ ይገኛሉ። በባዶው ግድግዳ ላይ ምትክ የሣለው ማን እንደ ሆነ ታውቃላችሁን? ከጉዞው ጋራ የመጣ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሚባል ፈረንሳዊ ሠዓሊ ነው። ይህን ባሰብሁ ቍጥር ከሸራው መወሰድ ይልቅ ምትኩ ያሳፍረኛል። የመላእክቱን መልክ ሊመልስልን የተቀመጠው የባዕድ እጅ ሆነ። ዛሬ ከመቅደሳችን አንድ ሸራ ቢጠፋ ምትኩን የሚነድፍ የጉለሌ ልጅ አለን? ወይስ ወደ ማተሚያ ቤት እንሮጣለን?

ሦስተኛው ተቃውሞ የዋጋ ነገር ነው፤ ይህን የሚናገሩት ድኾችን የሚያስቡ ቅን ሰዎች ስለ ሆኑ በትሕትና እመልስላቸዋለሁ። የታተመው ሥዕል ርካሽ መሆኑን አልክድም። በቤቴም የታተመች የእመቤታችን ሥዕል አለችኝ፤ በፊቷ እጸልያለሁ፤ ልጆቼም በእርሷ ፊት አድገዋል። ድኻ ለቤቱ፣ ተማሪ ለመጽሐፉ፣ ታማሚ ለአልጋው ራስጌ ኅትመት ቢይዝ በረከት ነው። መቅደስ ግን የአንድ ቤት ዕቃ አይደለም፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡት የሚማሩበት መጽሐፍ ነው። ለኅትመት የወጣው ገንዘብ ከማተሚያ ቤቱ ደጅ አያልፍም። ለሠዓሊ የወጣው ገንዘብ ግን ለመምህሩ እንጀራ፣ ለሁለት ልጆች ትምህርት፣ ለደብሩም ንድፍ ይሆናል። ያብለጨለጨው ሲደበዝዝ እንደ ገና እናትማለን የሚልም አለ፤ እንደ ገና የምናትመው ግን ያንኑ የተቈረጠ መልአክ ነው።

ይህ ነገር በሠፈራችን አዲስ አይደለም። ወደ ሽሮ ሜዳ ውጡና ሸማኔዎቹን ጠይቁ። ጥለት በጣት ቍጥር የሚሠራ ነው፤ ልጅ ከአባቱ ጕድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ድሩን እያየ ይማረዋል። አሁን ግን የጥለት መልክ የታተመበት ጨርቅ ከባሕር ማዶ መጥቶ በዚያው ገበያ ይሸጣል፤ ከሩቅ ለሚያየው ልዩነት የለውም። ሸማኔው ግን ሥራ ሲያጣ ልጁን ወደ ሌላ ሥራ ይሰድደዋል፤ ጥለቱን የሚያውቅ ጣት ከአንድ ትውልድ በኋላ ይጠፋል። በሸማ ላይ ስንነግረው ሁላችን እናዝናለን፤ በመቅደሱ ላይ ስንሠራው ለምን እልል እንላለን?

በመጨረሻም «የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ፤ ሠዓሊ አልጠፋም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ አለ ፈለገ ሰላም በእኛ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የመሠረቱት ትምህርት ቤት ብዙ የሠለጠነ እጅ አፍርቷል። ነገር ግን የተማረ እጅ ገድሉንና ስንክሳሩን፣ የመቅደሱንም ሥርዓት የሚነግረው ሊቅ ያስፈልገዋል፤ ሊቁም የሚታዘዝለት እጅ ያስፈልገዋል። ሁለቱ የሚገናኙት በንድፉ ወረቀት ላይ ነው። ሊቁ ቀለም መበጥበጥ ባያውቅም በወረቀቱ ጠርዝ ላይ «ሰይፉ ከፍ ይበል» ብሎ መጻፍ ይችላል። በኅትመቱ ላይ ግን ማን ምን ይጽፋል? ሊቃውንቱ ተጠርተው ያዩት ከተለጠፈ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ከእልልታ በቀር የቀራቸው ነገር አልነበረም።

ስለዚህ የቀሩት ሦስቱ ግድግዳዎች ሳይነኩ ሦስት ነገር እለምናለሁ። የመጀመሪያው፣ ማንም ሠዓሊ በመቅደስ ላይ እጁን ሳያሳርፍ የግድግዳውን ንድፍ በወረቀት አቅርቦ የደብሩ ሊቃውንት በጉባኤ ይመርምሩት፤ እርማቱም በወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ሁለተኛው፣ በውሉ ውስጥ ንድፉ የደብሩ ንብረት እንደ ሆነ ይጻፍ፤ እንደ ንዋየ ቅድሳቱ በመዝገብ ገብቶ በዕቃ ቤት ይቀመጥ፤ አሮጌ ሸራም ፎቶግራፍ ሳይነሣና መስመሩ ሳይገለበጥ አይላጥ። ሦስተኛው፣ ሥራው እስኪያልቅ ሁለት ልጆች ከሠዓሊው እግር ሥር ይቀመጡ፤ ምግባቸውንም ደብሩ ይቻል። በዓመት በዓል ለአንድ ቀን ድግስ የምናወጣው ለዚህ አያንስም። ገንዘቡ ለአራት ግድግዳ ካልበቃ አንዱ ይሠራ፤ የቀረው ነጭ ሆኖ ይቆይ። ነጭ ግድግዳ ሠዓሊውን ይጠብቃል፤ የተለጠፈ ግድግዳ ግን ማንንም አይጠብቅም።

ይህን ስጽፍ ሽማግሌዎቹን ለማሳዘን አይደለም፤ ለቤተ ክርስቲያን ያላቸውን ቅንዓት አውቃለሁ። በሦስት ቀን የጨረሱትም ለበዓሉ እንዲደርስ ብለው ነው። ነገር ግን ቅንዓት ያለ ምክር ቤት ያነድዳል እንጂ አያበራም። በቤቴ ያሉትን አራት ወረቀቶች ወር በገባ በ12፣ በቅዱስ ሚካኤል ቀን፣ ወደ ደብሩ ይዤ እሄዳለሁ። ዕቃ ቤቱ ስፍራ ከሰጣቸው ለመዝገቡ አስረክባቸዋለሁ። ያ ወረቀት ይቀድድ የነበረው ልጅም በዚያ ቀን ይምጣ፤ ከሰል ይዤለት እመጣለሁ፤ ያን የሚካኤልን ክንፍ በሌላ ወረቀት ላይ ይሞክረው። ሁለት ጊዜ ቢሳሳት አልቈጣም፤ መምህሩም በሦስተኛው ነው ያገኘው።

ለሙሴ ምሳሌውን በተራራው ያሳየ አምላክ ለእኛም ማስተዋልን ይስጠን፤ አሜን።

አንድ የጉለሌ ምእመን